የማን በሬ ነው?

ጎጆ ላይ ያለ ወፍ ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ መደበቅን ይማር ይባላል። ይህን የመከረ ሰው ሐዋሳን አያውቃትም። እኛ አገር ብቻውን የተቀመጠ ሰው ይጠየቃል፤ ተደብቆ የተቀመጠ ደግሞ ይከበባል።

እንግሊዛውያኑ ወንድማማቾች ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን ግን መደበቁ ሆኖላቸዋል። እንቁላል ያለበትን የወፍ ጎጆ በ1892 እ.ኤ.አ. ፎቶ በማንሳት ከቀዳሚዎቹ ናቸው። ኋላ ላይ የበሬ ቆዳ አስወጥረው፣ ሆዱን ባዶ አድርገው፣ ከነካሜራቸው እየገቡ ወፍ ይጠብቁ ጀመር። እኔን የገረመኝ ብልሃቱ ሳይሆን አንድም እረኛ መጥቶ በሬውን ልንዳ አለማለቱ ነው። እኛ ጋ ቢሆን ገና ሳይረፍድ «የማን በሬ ነው?» ተብሎ ሽማግሌ በተሰበሰበ።

በሬ ስለሌለኝ አረንጓዴ ሸራ ይዤ፣ ከአሞራ ገደል እምብዛም ሳልርቅ፣ ሐይቁ ዳር አደፈጥኩ። ክረምቱ ገብቶ ቢጫዎቹ ወፎች ግራሩ ላይ ጎጆ ጉንጎናውን ተያይዘውታል። ሠሪው ወንዱ ነው። ሲጨርስ ከጎጆው ሥር ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ሴቷን ይጣራል። ገብታ ታያለች፤ ካልጣማት ውልቅ ትላለች። እሱም ቆይቶ ያፈርሰውና እንደ አዲስ ይጀምራል። ቤት ሠርቶ የሚያውቅ አባወራ ሐዘኑ ይገባዋል።

ችግሩ የጎጆው በር ወደ ታች ነው። እባብን የሚያስቸግር በር ካሜራንም አይምርም። ጫጩቶቹ ሲንጫጩ ይሰማል፤ እናት ትል ይዛ ትገባለች፤ እኔ የሚደርሰኝ ጭራዋ ነው።

«ጋሼ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?» አለ አንድ ልጅ ሸራውን ገልጦ። ልጁ ጓደኞቹን፣ ጓደኞቹ ዓሣ አጥማጁን፣ ዓሣ አጥማጁ ጥበቃውን አስከተሉ።

«ወረቀት አለህ?»

«ለወፍ?»

«ለሸራው።»

መልስ ሳልሰጥ ከላይ አባ ኮዳ ፈረደ። አባ ኮዳ ሙቀት ሲበዛበት የገዛ እግሩን በኩሱ የሚያነጣ ወፍ ነው፤ ለሰው ሸራ የሚሳሳበት ምክንያት የለውም።

ተመስገን ነው። ኤሪክ ሆስኪንግ የተባለውን ስመ ጥር ፎቶ አንሺ በ1937 እ.ኤ.አ. ዌልስ ውስጥ ጎጆዋን የምትጠብቅ ጉጉት አንድ ዓይኑን አጥፍታበታለች። እሱም በቀረችው ዓይኑ ዕድሜውን ሙሉ ወፍ ሲያነሳ ኖረ።

እናቲቱ ትሏን እንደያዘች ቅርንጫፍ ላይ ቀርታለች። አንድ ቁራም ሁላችንም የምናፈጥበትን እያየ ነው፤ ቁራ ደግሞ ጫጩት ይበላል። ሸራውን ጠቅልዬ «ራቅ እንበል» አልኩ። ጉባኤው በሙሉ ከእኔ ጋር ራቀና ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ወፊቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰተት ብላ ገባች። እዚህ ያለ ወፍ ሰው ሲያይ የኖረ ነው። ዓሣ የሚቀረድድ፣ መረብ የሚጠግን፣ የሚጨቃጨቅ ሰው አያስፈራውም። የሚያስፈራው ሸራ ለብሶ የሚተነፍስ ቁጥቋጦ ነው።

በረጅሙ ሌንስ ስጠብቅ አንድ ጫጩት በበሩ አፍ ብቅ አለች፤ ተጫንኩ። ሁሉም ስክሪኑ ላይ ተደፉ።

«ምንቃር ነው» አልኩ።

«ቅጠል ነው» አለ ዓሣ አጥማጁ። ልጆቹ ደገፉት፤ ጥበቃውም ቅጠል መሆኑን አጸደቀ። በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ።