ድስት በሁለት ጉልቻ

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ፤

ወደ ለንደን በላኩልኝ በመጨረሻው ደብዳቤዎ “ለመሆኑ በዚያ በኮሮና ጊዜ ፈረንጆቹን ከገዛ ልጆቻችሁ ጋር ቤት ዋሉ ቢሏቸው ያን ያህል ያስለቀሳቸው ምንድን ነው? ጓዳው ሙሉ፣ መብራቱ የማይጠፋ፣ ኢንተርኔቱ የማይቆራረጥ! እኛ ስንቱን ልጅ በአንዲት ክፍል አላሳደግንም ወይ?” ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው በሁለት መስመር የሚመለስ አይደለምና ቡናዎን ያስቀርቡና ያንብቡት። የምለው ባጭሩ ይህ ነው፤ እርስዎ ልጆችዎን በአንዲት ክፍል አሳደጉ እንጂ ብቻዎን አላሳደጉም። የእንግሊዝ ወላጅ ግን በ2020 (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ) ብቻህን አሳድግ ተብሎ በሕግ ታዘዘ። ያቃተውም ሥራው ድሮውኑ የአባትና የእናት ብቻ ስላልነበረ ነው። ይህ ለካ ለዓመታት የተሸፈነ ምሥጢር ኖሯል፤ ቫይረሱ ነው ክዳኑን የከፈተው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። ማርች 20 ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የሐኪም፣ የነርስ፣ የአውቶቡስ ሾፌርና የመሳሰሉት ልጆች፣ ልዩ ክትትል የሚያስፈልጋቸውም ጭምር፣ እንዲገቡ ተፈቀደ፤ የቀረው ቤቱ ይዋል ተባለ። ከሦስት ቀን በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን በቴሌቪዥን ቀርበው ምግብ ለመግዛት፣ ለሕክምና፣ ቤት ሆኖ ለማይሠራ ሥራ፣ በቀን አንድ ጊዜም ሰውነት ለማፍታታት ካልሆነ በቀር ከቤት እንዳትወጡ አሉ። ሕጉ “ቤተሰብ” ብሎ የሚያውቀው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድረውን ብቻ ነበር። ከመንገዱ ማዶ የምትኖር አያት በአንድ ሌሊት ባዕድ ሆነች። የልጆች መጫወቻ ሜዳዎችም ተቆለፉ። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በዚያው ሰሞን እንዳወጣው፣ በብሪታንያ ከ8 ቤተሰብ አንዱ፣ በለንደን ደግሞ ከ5 አንዱ ግቢ አልነበረውም። እንግዲህ እትዬ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ያስቡ፤ አባት መኝታ ቤት ስብሰባ ላይ፣ እናት ማድ ቤት ስብሰባ ላይ፣ የስምንት ዓመቱ ልጅ ሳሎን ክፍልፋይ ሲማር፣ የሦስት ዓመቷ ሦስቱንም ስብሰባ በየተራ ስትጎበኝ።

እዚህ ላይ “ትምህርት ቤት ተዘጋ ማለት ትምህርት ተቋረጠ ማለት ነው፤ ታዲያ በቴሌቪዥን አያስተምሩም?” ይሉኝ ይሆናል። አስተማሩ እንጂ! ቢቢሲ ከኤፕሪል 20 ጀምሮ በየቀኑ ትምህርት አቀረበ፤ ጆ ዊክስ የሚባል የስፖርት አሠልጣኝም በዩቲዩብ የአገሩን ሕፃን ሁሉ ከሳሎኑ ያዘልል ነበር። የጎደለው ሌላ ነው። ትምህርት ቤት ለካ ማብሰያ ቤትም ነበረ። በእንግሊዝ ወደ 1.3 ሚሊዮን የሚሆኑ ልጆች በትምህርት ቤት ነፃ ምሳ የሚያገኙ ነበሩና፣ በሩ ሲዘጋ መንግሥት ለአንድ ልጅ በሳምንት 15 ፓውንድ ኩፖን መስጠት ግድ ሆነበት። ለበጋው ዕረፍት አልሰጥም ቢል ማርከስ ራሽፎርድ የተባለው እግር ኳስ ተጫዋች ሞገተና ጁን 16 ቀን መንግሥት ሐሳቡን ለወጠ። ኦፍስቴድ የተባለው የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ደግሞ በኖቬምበር ባወጣው ሪፖርት፣ ከታናናሾቹ መካከል ወደ ዳይፐር የተመለሱ፣ በቢላና በሹካ መብላት የረሱም እንዳሉ አስታወቀ። ሹካው ለእኛ ልብ የሚሰብር ጉዳይ አይደለም፤ የዳይፐሩ ግን ሊታሰብበት ይገባል። ትምህርት ቤት የሚመግብ፣ የሚቆጣ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ “ይሄ ልጅ ዛሬ ፊቱ ጠቁሯል፣ ምን ሆኗል?” የሚል፣ በደመወዝ የተቀጠረ ሰፈር ነበር። ሰፈሩ በአንድ ቀን ፈቃድ ወጣ።

እኛ ትዳር መመሥረትን ሦስት ጉልቻ እንላለን፤ ባልና ሚስት ሁለት ሳሉ ሦስተኛው ጉልቻ ማን እንደሆነ ግን ብዙም አንጠይቅም። ለእኔ ሦስተኛው አያት ናት፣ አክስት ናት፣ ጎረቤት ነው፣ እዚህ ደግሞ ትምህርት ቤት ነው። እሱ ሲነሳ ድስቱ ይዘማል፤ የሚዘመውም ወደ እናት ነው። ይህን እኔ ሳልሆን የፊስካል ጥናት ኢንስቲትዩትና የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በሜይ 2020 ያወጡት ጥናት ይናገራል። ሁለቱም ወላጆች ባሉበት ቤት አባት ሳይቋረጥ ሦስት ሰዓት ሲሠራ እናት የምታገኘው አንድ ሰዓት ነበር። እናቶች ሥራቸውን የማጣት ወይም የመልቀቅ ዕድላቸውም ከአባቶች አንድ ተኩል እጥፍ ነበር። ልጅ በር ሲያንኳኳ የትኛውን በር እንደሚመርጥ እርስዎ ያለ ጥናት ያውቁታል፤ አባቱን አልፎ መጥቶ “እማዬ፣ አባዬ የት ነው?” ይላል።

ሀብትና ሥልጣን ይህን ቀዳዳ ይደፍኑታል የሚል ካለ፣ የያኔውን ጠቅላይ ሚኒስትር ዋና አማካሪ የዶሚኒክ ከሚንግስን ነገር ይስማ። ሰውየው “ቤታችሁ ዋሉ” ከሚለው መንግሥት ዋና አሳቢዎች አንዱ ነበሩ። ሚስታቸው ሲታመሙ በማርች መጨረሻ ሚስታቸውንና የአራት ዓመት ልጃቸውን መኪና ውስጥ አስገብተው፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተው፣ ደርሃም ወዳለው የአባታቸው እርሻ ሄዱ። ነገሩ ታውቆ አገር ሲታመስ ሜይ 25 በዳውኒንግ ስትሪት የአትክልት ስፍራ ተቀምጠው ምክንያታቸውን ተናገሩ፤ ሁለታችንም ብንወድቅ ልጁን የሚይዝልን ሰው ለንደን ውስጥ የለም፣ እዚያ ግን እህቴና የእህቴ ልጆች አሉ አሉ። ቆይተው ደግሞ ዓይኔ መንዳት ይችል እንደሆነ ልፈትሽ ብለው ባርናርድ ካስል ወደተባለች ከተማ መንዳታቸውን ጨመሩበትና ሕዝቡ በዓይን ምርመራው ስቆ ዋናውን ነገር ሳያየው አለፈ። በእንግሊዝ ካሉ ሰዎች ሁሉ ሕጉን ይበልጥ የሚያውቀው ሰው ጭንቅ ሲመጣ የሄደው ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ሞግዚት ድርጅት ሳይሆን ወደ እህቱ ነው። ሌላው ወላጅም እህት ነበረችው፤ ልዩነቱ እሱ ሕጉን ማክበሩ ነው።

መንግሥትም ዘግይቶ ገባው። ጁን 13 ቀን ብቻውን የሚኖር ሰው፣ ልጅ የምታሳድግ ብቸኛ እናት ወይም ብቸኛ አባት፣ ከአንድ ሌላ ቤት ጋር “የድጋፍ አረፋ” እንዲፈጥሩ ተፈቀደ። አረፋው አንድ ብቻ ነበር፤ ያኔ አንዴ ከመረጡ መለወጥ አልነበረም። ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የእንግሊዝ መንግሥት ጎረቤትን በሕግ አወጀ ማለት ነው፤ እኛ ጋ እሳት ልትጭር ብቅ ያለች ሴት በአንድ ጠዋት የምትፈጽመውን።

አሁን ወደ ተቃውሞው። “ታዲያ ሰው ይሙት ነው የምትለው? በሽታው የሚተላለፈው በዚሁ በጉርብትናው አይደለም ወይ?” የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። እናንተም ጋ ትምህርት ቤቶች ማርች 16 ተዘግተዋል፤ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁም ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏል፤ ቡናውም ለቅሶውም ቀዝቅዞ ነበር። በሩ መዘጋቱን አልቃወምም፤ የምቃወመው የከፋዩ ማንነት ሳይታይ መዘጋቱን ነው። ዴንማርክ ሕፃናቱን ኤፕሪል 15 ወደ ትምህርት ቤት መለሰች። በእንግሊዝ ግን የልጆች መጫወቻና የአዋቂዎች መጠጥ ቤት በአንድ ቀን፣ ጁላይ 4፣ ተከፈቱ፤ አብዛኛው ተማሪ ሙሉ ለሙሉ የተመለሰው በሴፕቴምበር ነው። በጃንዋሪ 2021ማ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች አንድ ቀን ተከፍተው በማግስቱ ተዘጉ። ሌላው ደግሞ “አብረው መዋላቸው የጠቀማቸውም አሉ” ይላል። አዎ፣ ያው የኦፍስቴድ ሪፖርት ራሱ ይመሰክራል፤ የጠቀማቸው ግን ጊዜ ያላቸው፣ ዙሪያቸውን ደጋፊ ያላቸው ናቸው። ሦስተኛው ጉልቻ ያልተነሳባቸው ማለት ነው።

የመጨረሻውን ተቃውሞ ከእርስዎ ባልጠብቅም ራሴ ላንሳው። ሰፈር የሚያሳድገውን ልጅ ሰፈር ያማዋል። ጎረቤት ልጅ የሚይዝልን ሰው ብቻ አይደለም፤ “ልጅሽን ማታ ከማን ጋር አየኋት መሰለሽ” የሚልም ነው። ከእኛ መካከል እዚህ የመጣነው ያንን ዓይን ሸሽተን ነው የሚሉ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። የአዲስ አበባም ሰው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገባ በሩን እየዘጋ መኖር እየለመደ እንደሆነ ትነግሩኛላችሁ። ቢሆንም ሒሳቡ መታወቅ አለበት፤ ከሐሜት ነፃ የሆነ ቤት ሞግዚቱን በገንዘብ ይገዛል፣ የሚገዛው ሲዘጋ ደግሞ የሚጠራው ስም አይኖረውም።

ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ አገሩ ተምሯል ብዬ ብጽፍልዎ ደስ ባለኝ። ከጁላይ 2012 ጀምሮ ያለው የዚህ አገር የኢሚግሬሽን ሕግ ግን እናትን ወይም አያትን አስመጥቶ አብሮ ለመኖር እንዲህ ይጠይቃል፤ ከእርጅና፣ ከሕመም ወይም ከአካል ጉዳት የተነሳ የዕለት ተዕለት ኑሮዋን ያለ ሰው እርዳታ መምራት የማትችል፣ በአገሯም የሚረዳት የሌላት መሆን አለባት። በጉብኝት ቪዛ ግን ስድስት ወር ተጫውታ ትመለሳለች። ስለዚህ እትዬ፣ ልጅ ማዘል፣ ማጠብ፣ መቆጣት የሚችሉ እስከሆኑ ድረስ ለዚህ አገር አያስፈልጉትም፤ ማመልከቻዎ የሚታየው ራስዎ አዛይ ሲፈልጉ ነው። ያለዎት ጉልበት ከቪዛ እንደሚከለክልዎ አውቀው፣ እዚያው ያሉትን የጎረቤት ልጆች ይቆጡልኝ።

አክባሪዎና ናፋቂዎ፣
ከለንደን