ማዕድን ለብቻ

በላ ልበልሃ!

ክቡር ዳኛ፣ ዋርካው ሥር የተቀመጣችሁ ሽማግሌዎች፣ እዚያ ዳር ጀሪካን ይዛችሁ የቆማችሁ ባላጋራዎቼም ጭምር፦ ስለ ደንበኛዬ፣ ስለ ከሰሉ ጌታ ልሟገት ቆሜአለሁ። ጌታው ራሱ አልመጣም። ላይ ነው ያለው። ላይ ያለ ሰው ደግሞ ታች ወርዶ መቆም አይሆንለትም፤ የታች ውሃ አይስማማውም።

ነገሩ የአሜሪካ ነገር ነው፤ የአፓላቺያ ተራሮች፣ የዌስት ቨርጂኒያና የኬንተኪ። አገራችንን አይነካም። ይህን አስቀድሜ የማስመዘግበው «የአገር ውስጥ ከሰል አጥበን ከውጭ የምናስገባውን እንተካለን» የሚለውን ዜና የሰማ አድማጭ በከንቱ እንዳይሠጋ ነው። የእኛ ወንዞች ጨዋ ናቸው። የጣሉባቸውን ይዘው ዝም ብለው ይሄዳሉ፤ አቃቂን ጠይቁ።

ክሱ አጭር ነው፤ «የምንጠጣው ውሃ ጠቁሯል፣ ማን ይክፈል?» ይላል። መልሱም አጭር በሆነ ነበር። ዳሩ ግን ነገረ ፈጅ የሚኖረው በቃል ብዛት ስለሆነ ትንሽ አረዝመዋለሁ።

በመጀመሪያ የደንበኛዬ ጠባይ ይታወቅልኝ። ደንበኛዬ ንጽሕና ይወዳል። ከተራራው ሆድ ያወጣውን ከሰል እንዳለ ገበያ አያወጣም፤ ድንጋዩና አፈሩ እስኪለቅ ድረስ በውሃና በኬሚካል ያጥበዋል። እጣቢውንም አይንቀውም። ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው፣ አርሴኒክና እርሳስን የመሰለ ነገር አያጣውም፤ እሱ ግን ከሸለቆው አናት ላይ ከቁፋሮ በተረፈ ድንጋይና አፈር ገድቦ ያከማቸዋል። ሰዎቹ የሚኖሩት ከግድቡ ሥር ነው። ከሰሉ ወደ ከተማ ይሄዳል፣ ገንዘቡ ወደ ባለ አክሲዮኖች ይሄዳል፣ እጣቢው ግን ከመንደሩ አይለይም። እንዲህ ያለ ታማኝ ጎረቤት ከየት ይገኛል? እኔም ሌላ የምሰጠው ባጣ ሁለት ስንኝ ቋጥሬለታለሁ፦

ማዕድን ለብቻው በልቶ ያደረ የላዩ ጌታ፣
የእጁን እጣቢ ላከልን፣ ለእኛ ለታቾች ስጦታ።

ጸሐፊው እንደ ምስጋና ይመዝግብልኝ። ባላጋራዎቼም ሳቃቸውን እንዲተዉ ይታዘዙልኝ፤ ስንኙን ሲያገላብጥ የተገኘ ሰው ኃላፊነቱ የራሱ ነው።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1972 እ.ኤ.አ.፣ ቅዳሜ ጧት 2 ሰዓት ገደማ፣ በዌስት ቨርጂኒያ ሎጋን ካውንቲ፣ ከቡፋሎ ክሪክ ሸለቆ አናት ላይ የነበረ የእጣቢ ግድብ ተናደ። ግማሽ ቢሊዮን ሊትር ያህል ጥቁር ውሃ በ16 መንደሮች ላይ ወረደ። 125 ሰዎች ሞቱ። ከሸለቆው 5 ሺህ ያህል ነዋሪዎች ከ4 ሺህ በላይ የሚሆኑት ቤት አልባ ሆኑ። ከአራት ቀን በፊት የመንግሥት ተቆጣጣሪ ግድቡን ጎብኝቶ «አጥጋቢ ነው» ብሎ ነበር። እዚህ ላይ ቀልዴን ላቆም አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የግድቡ ባለቤት የፒትስተን ኩባንያ አላቆመም። ምን ሆነ ተብሎ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ «የእግዚአብሔር ሥራ ነው» የሚል ነበር።

ክቡር ዳኛ፣ ከዚህ የበለጠ መንፈሳዊ መልስ በማዕድን መዝገብ ውስጥ አላጋጠመኝም። ሌላው ነጋዴ ሲያተርፍ «እግዚአብሔር ሰጠኝ» ይላል፤ ሲያጠፋ «እኔ ነኝ» ይላል። ደንበኛዬ ትርፉን በላቤ ያገኘሁት ነው ብሎ ለራሱ አስቀረ፤ ጎርፉን ለፈጣሪ አስረከበ። አሥራት እንዲህ ነው የሚከፈለው! ከሸለቆው የተረፉ ሰዎች «እግዚአብሔር ዶዘር ሲነዳ አላየንም» አሉ። የእምነት ጉድለት ነው። እኔ የምጠይቀው ተከሳሹ እንዲለወጥ ብቻ ነው፤ አድራሻው የማይታወቅ ከሆነ በጋዜጣ ይጠራ፣ ካልቀረበም በሌለበት ይታይ። ይህ ክርክር ጆሮውን የሚቀፈው ሰው ቢኖር፣ ነገረ ፈጅ የተላከውን እንጂ የራሱን አይናገርም።

ከተረፉት መካከል ከ600 በላይ የሚሆኑት ግን ግትሮች ነበሩ። በራሳቸው ጠበቃ ተሟግተው በ1974 13.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፈሉት። የደንበኛዬ ክፉ ቀን ያ ነው፤ ደግሞ አይነሣ። ግዛቲቱ ትሻላለች። እሷ 100 ሚሊዮን ዶላር ይከፈለኝ ብላ ከሳ፣ አገረ ገዢው አርች ሙር ሥልጣን ሊለቁ ሦስት ቀን ሲቀራቸው በ1 ሚሊዮን ታረቁ። ዕርቅ ደግ ነው፣ ከመቶ አንድ። ቆይቶ የፌዴራሉ ጦር የምሕንድስና ክፍል «ጭቃውን የጠረግሁበት ይከፈለኝ» ብሎ መጣና ግዛቲቱ በ1988 ከነወለዱ 9.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። ሒሳብ ለሚከብደው ላቅልለው፦ ከኩባንያው አንድ ተቀበለች፣ ስለ ኩባንያው ዘጠኝ ተኩል ከፈለች። የግዛቲቱ ገንዘብ የማን ነው ለሚል ደግሞ፣ ከታች ያሉት ሰዎች ግብር ነው። ሙር በ1990 ከአንድ የከሰል ባለሀብት ገንዘብ አስገድደው በመቀበልና በሌሎችም ወንጀሎች ጥፋተኛ ነኝ ብለው ታስረዋል። ከያዝነው ጉዳይ ጋር አይገናኝም። ጸሐፊው ይሰርዘው።

የሕግ መሠረት ካስፈለገኝ የአያ ጅቦን መዝገብ እጠቅሳለሁ። ጅብ ከወንዙ ላይ፣ አህያ ከወንዙ ታች ሆነው ሲጠጡ ጅብ «ውሃውን ለምን ታደፈርሺብኛለሽ?» አላት። ውሃ ሽቅብ አይፈስም ብላ ልትከራከር ትችል ነበር። ችሎቱን ስለምታውቀው ግን «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» አለች። ያ ውሳኔ በይግባኝ አልተሻረም፣ ሰበርም አልነካውም፣ እስከ ዛሬ አስገዳጅ ነው። አህያይቱ እንዲያውም ጅብን ከልፋት ልታድነው ፈልጋ ነበር። ደንበኛዬ ግን ሥርዓት አዋቂ ነው፤ ሳያመኻኝ አይበላም፤ የሚያመኻኙለት ባለሙያዎችም በደመወዝ ይቀጥራል። አንዱ እኔ ነኝ።

ኬንተኪን ቶሎ አልፈዋለሁ፤ ቅጣቱም ቶሎ የሚታለፍ ነበርና። ኦክቶበር 11 ቀን 2000፣ ኢኔዝ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ የማሲ ኢነርጂ ቅርንጫፍ ያከማቸው እጣቢ ከሥሩ ወዳለው የማዕድን ዋሻ ሰብሮ ገባና በሌላ በኩል ወደ ጅረቶቹ ወጣ። ከ1 ቢሊዮን ሊትር በላይ ነው፤ ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ላይ ካፈሰሰችው ነዳጅ 30 እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። 27 ሺህ ያህል ሰዎች የሚጠጡት ውሃ ተበላሸ። የፌዴራሉ የማዕድን ደህንነት መሥሪያ ቤት 110 ሺህ ዶላር ቀጣ፤ በክርክር ተሸርፎ 5,600 ዶላር ቀረ። ኬንተኪ ለብቻዋ ሌላ ገንዘብ እንዳስከፈለች አልክድም፤ የእኔ አድናቆት ግን በዚህች በ5,600 ላይ ነው። ሒሳቡን ብናካፍለው ለአንድ ሜትር ኩብ ጭቃ ግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም አይሞላም። በዚህ ዋጋ የቧንቧ ውሃ የሚሸጥ ከተማ ካለ ይጠቁሙኝና ቤት ልከራይበት።

የዚያን አደጋ ምርመራ ከያዙት አንዱ ጃክ ስፓዳሮ የተባለ መሐንዲስ ነበር። በወጣትነቱ የቡፋሎ ክሪክ ግድብ ለምን እንደተናደ የመረመረ ሰው ነው። ሪፖርቱ እየለዘበ ሲሄድ አልፈርምም አለ፤ በ2003 የቢሮው ቁልፍ ተለወጠበት። ጥፋቱ ማስታወስ ነው። አንዱን ግድብ ያየ ሰው ሁለተኛውን እንዲያይ መመደብ ከመጀመሪያውም አልነበረበትም።

ስለ ሦስተኛው አደጋ ብዙ ማለት እወዳለሁ፤ የጥብቅና ሙያ ከዚያ ወዲያ የለም። ጃንዋሪ 9 ቀን 2014፣ የዌስት ቨርጂኒያ ዋና ከተማ ቻርልስተን። ፍሪደም ኢንዱስትሪስ የተባለ ድርጅት ኤልክ ወንዝ ዳር በትልልቅ ታንከር የከሰል ማጠቢያ ኬሚካል ያስቀምጥ ነበር። አንዱ ታንከር ተቀደደ። ከዚያ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ዝቅ ብሎ የከተማው ውሃ መሳቢያ ነበር። በዘጠኝ ካውንቲዎች የሚኖሩ 300 ሺህ ሰዎች አትጠጡት፣ አታብስሉበት፣ አትታጠቡበት ተባሉ። ለመጸዳጃ ቤት ብቻ ተፈቀደ። ውሃው ከእንስላል የሚቀራረብ ጣፋጭ ሽታ ነበረው፤ ባላጋራዎቼ ይህንንም በክሱ ጨምረውታል። ሌላው አረቄውን ለማጣፈጥ እንስላል በገንዘቡ ይገዛል፤ እነሱ በቧንቧ ሲመጣላቸው ይከስሳሉ።

በማግስቱ የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ለጋዜጠኞች መግለጫ ሲሰጡ በካሜራ ፊት የታሸገ ውሃ ጠጡ። አገር ተቆጣ። ምን ይጠጡ? «የቧንቧውን ውሃ አትጠጡ» የሚለውን ትእዛዝ በምሳሌነት የፈጸሙ የመጀመሪያው ባለሥልጣን እኮ እሳቸው ናቸው።

ከአደጋውም በስምንተኛው ቀን ድርጅቱ «ከስሬአለሁ» ብሎ ለኪሳራ ችሎት አመለከተ። የእኛ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል፤ የዚያ አገር ዕዳም እንደዚሁ። ከከሰረ በኋላ ፍርድ ቤት 900 ሺህ ዶላር ቀጣው፤ ቅጣቱ ለወረቀቱ ክብር ነበር እንጂ የሚከፈልበት ኪስ አልነበረም። ፕሬዚዳንቱ 30 ቀን እስራትና 20 ሺህ ዶላር ተፈረደባቸው። ለተጎዱት ሰዎች በ2016 እስከ 151 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማሙት ግን ሌሎች ናቸው፦ ኬሚካሉን የሠራው ኢስትማን ኩባንያና የከተማው ውሃ አቅራቢ ድርጅት። ትልቁን ድርሻ የተሸከመው ውሃ አቅራቢው ነው፤ ለአደጋ አልተዘጋጀህም ተብሎ። ይታያችሁ፤ የደፋው ከሰረ፣ የቀዳው ከፈለ። ይህን የመሰለ ሙግት በሕልሜ እንኳ አልረታሁም።

«ዋስ ጥራ!» ይላሉ ደግሞ ባላጋራዎቼ። ይህስ እኛም የምናውቀው ሥርዓት ነው። አሜሪካ በ1977 ባወጣችው ሕግ ከሰል ቆፋሪ መሬቱን ከመንካቱ በፊት ዋስ ይጠራል፤ ቢጠፋ መሬቱንና ውሃውን ወደነበረበት የሚመልስ ገንዘብ ማለት ነው። መልካም ሕግ። ነገር ግን ለትልልቆቹ አንዲት ጠባብ በር ተዉላቸው፦ ሀብቴ ብዙ ነውና ዋሴ እኔው ነኝ ማለት ይቻላል። በእኛ ችሎት አንድ ተከሳሽ ብድግ ብሎ እንዲህ ቢል ዋርካው ራሱ በሳቀ ነበር። የከሰል ኩባንያዎቹ አልፋ በ2015፣ አርችና ፒቦዲ በ2016 ተራ በተራ የኪሳራ መዝገብ ሲያስከፍቱ እንዲህ ለራሳቸው የቆሙበት ዋስትና በድምሩ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ዋሱና ባለ ዕዳው በአንድ ቆዳ ከሰሩ። ኋላ በድርድር ሌላ ዋስትና ተክተዋል፤ የብልሃቱ ውበት ግን አይቀንስም። ጅረቶችን ከቁፋሮ የሚጠብቅ ደንብም በ2016 መጨረሻ ወጥቶ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2017 ተሻረ። አንድ ክረምት እንኳ አልጠጣም።

ከ1977 በፊት ቆፍረው፣ በልተው፣ አፋቸውን ጠርገው የሄዱትስ? ለእነሱም ታስቧል። የተዉት ጉድጓድና የዛገ ውሃ እንዲጸዳ በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ 11.3 ቢሊዮን ዶላር ከሕዝብ ግምጃ ቤት መድቧል። «ማን ይክፈል?» ብሎ መጠየቅ እንግዲህ ያለቀ መዝገብ መክፈት ነው። ተከፍሏል! ግብር ከፋዩ ከፍሏል። ውሃ አቅራቢው ከፍሏል። ስፓዳሮ በወንበሩ ከፍሏል። እግዚአብሔርም በስሙ ከፍሏል። ከዚህ ዝርዝር የቀረ አንድ ሰው አለ የሚል ካለ፣ ደንበኛዬ ዝርዝር ውስጥ መግባት የማይወድ ዓይን አፋር መሆኑን አስታውሳለሁ።

ስለዚህ የሚከተለው ዳኝነት ይሰጥልን። ተራራው ከፍ ብሎ በመገኘቱ፣ ውሃው ቁልቁል በመፍሰሱ፣ ሰዎቹም በመጠማታቸው ጥፋተኞች ናቸው ይባል። ጀሪካኖቹ በኤግዚቢትነት ተይዘው ለመንግሥት ገቢ ይሁኑ። ደንበኛዬ በነጻ ይሰናበት፤ ስለዚህ ክርክር ያወጣውን ወጪና ኪሳራ፣ በተለይም ኪሳራውን፣ ከታች ያሉት እንዲተኩለት ይወሰንልን።