ስንቅ በግራም

ረጅሙ ትራያትሎን በ1978 እ.ኤ.አ. ሐዋይ ላይ ሲጀመር 15 ሰዎች ተነሥተው 12ቱ ጨረሱ። 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያ እንደ ምርቃት ማራቶን። እኛ ከአበበ ቢቂላ ጀምሮ ምርቃቱን ብቻ እየወሰድን ወርቅ ማምጣታችን ጨዋነታችንን ያሳያል።

የወሎዋ ሐይቅ ከተማ ግን ለሦስቱም የተሰናዳች ናት። ውኃው ደጇ ላይ ነው፤ ታንኳ እያለ ለምን ይዋኛል የሚል ካልመጣ። ለብስክሌቱ ወልድያ ደርሶ መልስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በአምባሰል በኩል ፉት እያሉ የወረዱት ቁልቁለት ሁሉ ሲመለሱ ዳገት ሆኖ ይጠብቃል። የጉልበት መለኪያ መሣሪያ መግጠም አያስፈልግም፤ ሲኖትራክ ከኋላ ጥሩንባውን ሲነፋ እግር የሚገባውን ያውቃል።

ትልቁ ጥበብ ምግቡ ነው። በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ትንሽ ጨው፣ ሆድም እንዳያምፅ አስቀድሞ ማለማመድ። ለዚህ ሲባል ግሉኮስና ፍሩክቶስ ተቀላቅሎ በትንንሽ ከረጢት በውድ ዋጋ ይሸጣል። ማር ውስጥ ያሉትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። በማር የተለወሰ በሶ ግን ከረጢቱ ላይ ሯጭ አልተሣለበትምና ሳይንስ ሊባል አልበቃም።

ደግሞ በባዶ ሆድ መለማመድ የሚባል ዘዴ አለ፤ አሠልጣኝ ተከፍሎት በፕሮግራም ያስይዘዋል። ወሎ ይህን በሁዳዴም በረመዳንም ከእርሻ ሥራ ጋር አጣምሮ ይሠራዋል፤ እስካሁን ደረሰኝ የላከለት የለም።