ስለ ‹ኖባዲ› የወጣ አዋጅ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ፣ በመዓልት የማርቆስ መንበር ባለባት ሳይሆን በቨርጂንያዋ እስክንድርያ የፓርኪንግ ሠራተኛ፣ በሌሊት በሲልቨር ስፕሪንግ የእንግሊዝኛ ደቀ መዝሙር የሆንን፣ በቀዩ መስመር ተሳፍረን በጋለሪ ፕሌስ ወደ ቢጫው ተሻግረን ኪንግ ስትሪት እስክንወርድ ድረስ ሰዋስው ጉልበታችን ላይ ዘርግተን የምናጠና፣ ስላልተወሰኑ ተውላጠ ስሞች የሚከተለውን ደንግገናል።

አንቀጽ ፩። ‹ኤቭሪዋን› ብዙ ሰው ሆኖ ሳለ ግሱ የአንድ ሰው ነው። ይሁን፤ አንከራከርም።

አንቀጽ ፪። ‹ኖባዲ› ያለ ሰው ግሱን ዳግመኛ በአሉታ እንዳያስር ተከልክሏል፤ ሁለት አሉታ ሲገናኙ ተጣፍተው አዎንታ ይሆናሉና። ነገር ግን፤

ሀ) «ማንም» ካለ በኋላ «አልነካውም» ካላለ አንደበቱ የማያርፍ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ከክልከላው ነጻ ይሁን፤

ለ) ከየኔታ እግር ሥር «አልቦ ዘገሰሶ» ሲል ያደገ ግን ነጻነቱ አይመለከተውም፤ ግእዝ አሉታውን አንድ ጊዜ ከፊት ተናግሮ ግሱን እንደ እንግሊዝኛው በደኅና መተዉን ያውቃልና፤

ሐ) ዳዊት ሳይደግም ዲቪ የደረሰው፣ እንደ እኛ ያለው፣ ወደ ፊደል ሀ ይመለስ፤

መ) በአንድ ጥቁር መኪና በር ላይ የጣት ርዝመት ያህል ጭረት ተገኝቶ፣ ማን ነካው ተብሎ ቢጠየቅ ‹ኖባዲ ዲድንት ተች ኢት› ብሎ የመለሰ፣ ቃሉም በወረቀት ሰፍሮ «ያልነካው የለም ማለቱ ነው» ተብሎ የሦስት ቀን ምንዳው የተቆረጠበት ሰው ከሀ እስከ ሐ ያለው ሁሉ ይጠበቅለት። አለቃዬ ያልሁት አልገባውምን? ገብቶታል እንጂ! እርሱ ራሱ ‹አይ ዶንት ኖው ናቲንግ› ሲል የሚውል ሰው ነው፤ ከእርሱ አፍ ሲወጣ የሰፈር ወግ ነው፣ ከእኔ አፍ ሲወጣ የእምነት ቃል ሆነ። መኪናውን በዓይኔ እንኳ አላየሁትም!

አንቀጽ ፫። ወደ ክብራችን ተመልሰን፣ የአሜሪካ ዘዬዎች ማኅበር በጥር 2016 እ.ኤ.አ. እዚሁ ዋሽንግተን ጉባኤ ተቀምጦ ጾታው ሳይለይ ለአንድ ሰው የሚነገረውን ‹ዜይ› የ2015 ቃል አድርጎ መምረጡን ሰምተናል። አንዱን ሰው በብዙ ቁጥር «እርሳቸው» ስንል ለኖርን ለእኛ አዲስ አልሆነብንም።

አንቀጽ ፬። ይህ አዋጅ ከነገው የጧት ፈረቃ ጀምሮ ይጸናል። የተቆረጠውን ገንዘብ ማን ወሰደው የሚለን ቢኖር፣ ‹ሳምባዲ ቱክ ኢት› እንላለን፤ ሰዋስዉንም አልሳትን፣ ስሙንም አልጠራን።