“ችግር የለም”ን ለመከልከል የወጣ የጓሮ አዋጅ ቁጥር 1

ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ!

ነጋሪት ስለሌለን የምንጎስመው ባዶ ቢጫ ጀሪካን ነው። ጀሪካኑ ለምን ባዶ እንደቀረ አንቀጽ 5 ላይ ትደርሱበታላችሁ።

መግቢያ

በሐዋሳ፣ በጉዱማሌ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ ግቢ፣ ከማዕድ ቤቱ ጀርባ ያለው 5 በ6 ሜትር መሬት፣ ክረምት ጭቃ በጋ አቧራ እየሆነ የቤተሰቡን ጫማ ሲበላ የኖረ በመሆኑ፤

በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረውን የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጨምበላላን፣ ለማክበር የሚመጣ እንግዳ፣ የወንበሩ አንድ እግር እየሰመጠበት፣ ቡሪሳሜውን ከሻፌታው ዘንበል ብሎ የሚበላበት ዘመን እንዲያበቃ መላው ቤተሰብ የተመኘ በመሆኑ፤

ይህንኑ ለማሳካት “አንድ ሳምንት ይበቃኛል” ያለ ኮንትራክተር ተገኝቶ፣ ሳምንቱ ግን እስከ ዛሬ ያላለቀ በመሆኑ፤

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55(1) ለተወካዮች ምክር ቤት የሰጠው አዋጅ የማውጣት ሥልጣን ለጓሮ ባይደርስም፣ የቤቱ ካርታ በባለቤቴ ስም መሆኑን መሠረት በማድረግ፣ ባለቤቴ በአፈ ጉባኤነት፣ አማቴ በድምፀ ተአቅቦ በተገኙበት የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ቁጥር

አዋጁ ቁጥር 1 የተባለው ቁጥር 2 እንደሚመጣ ስለምናውቅ ነው። የጓሮው ጣራ ገና አልተሠራም።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

“ኢንጂነር” ማለት ውሃ ልክ የያዘ፣ ውሃ ልክ የያዘ ሰው የሚያውቅ፣ ወይም ፒክአፕ ያለው ማንኛውም ሰው ነው።

“መንገድ ላይ ነኝ” ማለት ተናጋሪው ያለበት ቤት ደጃፉ ላይ መንገድ አለ ማለት ነው።

“ቢያጆ” ማለት አንድ መኪና ሙሉ አሸዋ ነው። የመኪናው ስፋት ባለቤቱ ቤት መኖር አለመኖሩን እያየ ይለዋወጣል።

“ኩንታል” ማለት ሲሸጥ 100 ኪሎ፣ ማለትም ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ነው። ግቢ ሲደርስ ግን አንድ ከረጢት ነው። ይህን ትርጓሜ የተማርነው ከፍለን ነው። ለ10 ኩንታል ከፈልን፤ 10 ከረጢት ወረደ። ብንጠይቅ “ችግር የለም፣ ቀሪው በሁለተኛው ዙር ይመጣል” ተባልን። ሁለተኛው ዙርም አላሳፈረንም፤ 4 ከረጢት ይዞ መጣ። ሲሚንቶ በወረፋና በኮታ ይገኝ የነበረበትን ዘመን ያየ ሰው በ4 ከረጢትም እልል ይላልና፣ እኛም እልል አልን።

“ችግር የለም” ማለት ችግር አለ፣ ነገር ግን ያንተ ነው ማለት ነው። ይህ ቃል ይህ አዋጅ ከጸናበት ቀን ጀምሮ በግቢው ውስጥ፣ በግቢው በር ላይ፣ በስልክ፣ በቴሌግራምም ሆነ በጥቅሻ እንዳይነገር ተከልክሏል። በምትኩ “ረስቼዋለሁ”፣ “አልችልበትም”፣ “ገንዘቡን ለሌላ ሥራ አውዬዋለሁ” ማለት ይቻላል፤ አያስቀጣም።

አንቀጽ 3። ስለ ውልና ስለ ይሉኝታ

ኮንትራክተሩን ያመጣው የባለቤቴ የአክስት ልጅ ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻ ተቆልቶ፣ የእሱ አባትና የእኛ አጎት ድሮ ይተዋወቁ እንደነበር ተደርሶበት ሳለ “ውል እንጻፍ” የሚል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔም ያንን ሰው መሆን አፈርኩና ከዋጋው ከግማሽ በላይ በእጁ አስጨበጥኩት። ደረሰኝ አልጠየቅኩም። እሱም እንዳላሳፍረው አምኖኝ አልሰጠኝም።

የሀገሩ ሕግ እኮ ለእንደኔ ያለው ሰው ቀድሞ አስቦለታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ሲደነግግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል፤ ቁጥር 1885። ቁጥር 3039 ላይ ደግሞ ሥራ ተቋራጩ ለሠራው ሥራ ጥንካሬ ከርክክቡ ጀምሮ 10 ዓመት ዋስ ነው። 10 ዓመት! የእኛ ኮንትራክተር ስልክ የሠራው ለ10 ቀን ነው። በ11ኛው ቀን “የደወሉላቸው ደንበኛ” የምትለዋ ሴት ዋስ ሆና ቀረበችልን፤ ከዚያ ወዲህ ከእሱ ይልቅ ከእሷ ጋር ነው የተግባባነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ ውል ሳይጻፍ ቡና አይፈላም። ውሉ ላይ የኮንክሪቱ ውፍረት፣ የሲሚንቶው ብዛት በከረጢት እንጂ በኩንታል ሳይሆን፣ ውሃው ወዴት እንደሚፈስ፣ ክፍያው ከየትኛው ሥራ በኋላ እንደሚሰጥ ይጻፋል፤ ሁለት ምስክር ይፈርማል። የአክስት ልጅ ምስክር መሆን አይችልም። ዋጋው እዚህ አዋጅ ላይ ያልሰፈረው አንብባችሁ ሳትጨርሱ ስለሚለወጥ ነው።

አንቀጽ 4። ስለ ሥሩ

የሐዋሳ አፈር እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ ከውስጡ የሚወጣውን ነጭ ቀላል ድንጋይ ልጆች ሐይቁ ላይ ሲጥሉት ይንሳፈፋል። እንዲህ ያለ አፈር ላይ በቀጥታ ኮንክሪት ማፍሰስ ፍራሽ ላይ ሳህን መደርደር ነው። ለምለሙ የላይ አፈር ተጠርጎ ይወጣል፤ ገረጋንቲ ይገባል፤ ውሃ እየጠጣ በደንብ ይጠቀጠቃል። በእኛ ጓሮ የጥቅጠቃውን ሥራ ያከናወነው የጎረቤት ልጆች ኳስ ጨዋታ ነው። ልጆቹ ሥራቸውን ከማንም በላይ በታማኝነት መወጣታቸውን ምክር ቤቱ በአድናቆት መዝግቧል።

አንቀጽ 5። ስለ ውሃና ስለ ጀሪካኑ

አሁን ወደ ጀሪካኑ ደረስን።

ኮንክሪት የሚበላሸው በሲሚንቶ ማነስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ የሠፈራችን ጡረተኛ ግንበኛ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ አጥር ተደግፈው ሲያዩን ቆይተው “ልጄ፣ ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር ውሃ ካለፈ ሾርባ ነው የምትሠራው” አሉኝ። ሮጬ 25 ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካን ገዛሁ። አንድ ከረጢት፣ አንድ ጀሪካን፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ያነሰ። አሸዋው ሁለት ሳጥን፣ ጠጠሩ ሦስት ሳጥን። ይህን የማያስታውስ የለም ብዬ ተዝናናሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ስመለስ ጀሪካኑ ላይ ከቀን ሠራተኞቹ አንዱ ልጅ ተቀምጦ ፓስቲ ይበላል። ጎማው ከቧንቧው ተቀጥሎ ድብልቁ ላይ ይንዠቀዠቃል። ሳጥን የሚባል ነገር የለም፤ አሸዋው በአካፋ፣ ጠጠሩ በዓይን ይለካል። “ወንድሜ፣ ይሄ ውሃ አልበዛም?” አልኩት።

“ጋሼ፣ ካልቀጠነ አይሄድም እኮ!”

እውነቱን ለመናገር አልፈረድኩበትም። ወፍራም ድብልቅ ክንድ ይበላል፤ ቀጭኑ በራሱ ጊዜ እየፈሰሰ ጥጉ ድረስ ይሄዳል። ልጁ የሚከፈለው በቀን ነው፤ ኮንክሪቱ ከዓመት በኋላ ቢላጥ ከእሱ ደሞዝ የሚቀነስ የለም። መቆጣት የነበረብኝ ሰውዬ ያን ሰዓት መንገድ ላይ ነበር። ውሃው ሲተን የላይኛው ፊት እንደ ዱቄት ሆኖ ቀረ። ዛሬ ባለቤቴ ጓሮውን በጠረገች ቁጥር አንድ ማንኪያ ኮንክሪት ታወጣለች።

ውፍረቱንም ሒሳብ ይናገርበት። 5 በ6 ሜትር በ10 ሴንቲ ሲፈስ 3 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ለእሱ ነበር 20 ከረጢት የተባለው። በ14 ከረጢት ያንኑ ድብልቅ ብትሠራ 2 ሜትር ኩብ ብቻ ይወጣሃል፤ ሲዘረጋ 7 ሴንቲ ነው። ኮንትራክተሩ ግን ሜትሩን ጠርዙ ላይ አቁሞ 10 አሳየኝ። እውነትም 10 ነበር። መሐሉ ላይ ሥሩ ያለው መሬት ጉብ ብሎ መቅረቱን የደረስኩበት በኋላ ለጥላ ምሰሶ ስናስቆፍር ነው። ስለዚህ ወደፊት ውፍረት የሚለካው ከመፍሰሱ በፊት፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ገመድ ተወጥሮ፣ መሐል ላይ ነው።

አንቀጽ 6። የሎሚ ፈተና

ሐይቃችን የጥቁር ውሃን ወንዝ ይቀበላል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ይህ ለሐይቅ ያምርበታል፤ ለጓሮ ግን አይሆንም። ኮንክሪት በየሜትሩ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ከቤት ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት።

ሥራው “አለቀ” በተባለበት ቀን አማቴ ከመሶቡ ሥር አንድ ሎሚ አንስተው መሐል ላይ አስቀመጡት። ሎሚው ጥቂት አመነታና መንከባለል ጀመረ። የሄደው ወደ አጥሩ አይደለም፤ ወደ ማዕድ ቤቱ ነው። በሩን ነክቶ ቆመ። ሁላችንም ሎሚውን አየን። ኮንትራክተሩም አየው።

“ችግር የለም” አለ፤ “ሲደርቅ ይስተካከላል።”

ስለዚህ ማንኛውም ርክክብ ያለ ሎሚ አይፈጸምም። ሎሚውን የሚያቀርበው ባለቤቱ ነው፤ ኮንትራክተሩ የራሱን ሎሚ ይዞ መምጣት አይችልም።

አንቀጽ 7። ስለ ማጠጣትና ስለ አባ ኮዳ

ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም። ሲሚንቶው ውሃ እየጠጣ ነው ድንጋይ የሚሆነው፤ ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ፒፒሲ የተባለው ሲሚንቶ ከሆነ እንዲያውም ይረዝማል። ሙሉ ጉልበቱን የምንለካበት 28ኛው ቀን ነው። እኔ ይህን አምኜ ጠዋት ማታ ጆንያ እያረጠብኩ ሳለብሰው ጎረቤቶቼ በአጥር ላይ እያዩ “ምን ዘርተህበት ነው?” እያሉ ሳቁብኝ። በሦስተኛው ቀን ኮንትራክተሩ ራሱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ብቅ ብሎ “ተወው፣ ይበሰብሳል” አለኝ። ከተዋወቅን ወዲህ ሳልደውልለት የመጣው ያን ቀን ብቻ ነው።

የመጀመሪያዋ ሌሊት ግን ማንም አልጠበቀውም። ጠዋት ስንነሳ አሞራ ገደል የዓሣ ሆድ ዕቃ የሚጠብቀው አባ ኮዳ የተባለው ወፍ በምን ምክንያት እንደሆነ አይታወቅም ጓሯችን ገብቶ፣ ከጥግ እስከ ጥግ በሽማግሌ እርምጃ አቋርጦት ሄዷል። ሰፊ ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ። ሥራውን መጥቶ የተቆጣጠረ እሱ ብቻ ስለሆነ ዱካው እንዳይደፈን ተወስኗል።

አንቀጽ 8። ስለ ጊዜ

የፊቼን ቀን አያንቶዎች ሰማዩን፣ ከዋክብቱን አይተው ይነግሩናል። ኮንትራክተሩ የሚጨርስበትን ቀን ሰማዩም አልነገረን። “ለፊቼ ይደርሳል” ብሎን ነበር፤ የትኛው ዓመት ፊቼ እንደሆነ አለመጠየቃችን የእኛ ጥፋት ነው።

አንቀጽ 9። ቅጣት

ይህን አዋጅ የተላለፈ ኮንትራክተር ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ ሲወርድ፣ በማዕድ ቤቱ በር ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሦስቱንም። እግሩን ማንሳት ክልክል ነው። ያመጣው የአክስት ልጅ አጠገቡ ይቀመጣል። ውል ሳያጽፍ ቀብድ የሰጠው የቤቱ አባወራ ደግሞ ጀበናውን ያቀርባል፤ በዚህ ንዑስ አንቀጽ ላይ ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል፤ አማቴም ተአቅቧቸውን አንስተዋል።

አንቀጽ 10። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ኮንትራክተሩ ስልኩን ካነሳበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ጉዱማሌ፣ ሐዋሳ
ማኅተም፦ የአባ ኮዳ እግር

ማሳሰቢያ ለእንግዶቻችን፦ ለዘንድሮ ጨምበላላ ሁላችሁም ተጠርታችኋል፤ አይዴ ጨምበላላ! ወንበር በቂ አለ። ዝናብ ከመጣ ግን በአጥሩ በኩል ተቀመጡ፤ በማዕድ ቤቱ በኩል የምትቀመጡ ቦቲ አድርጋችሁ ኑ።