ያረጀች ሞተር ሳይክልን ካርቱም ውስጥ አክስሮ ለመሸጥ

ሰማያዊ ጭስ የምትተፋ፣ ለመነሳት ደጋግሞ መረገጥ የምትፈልግ አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ካርቱም ውስጥ ካለችህ፣ አንድ ቀን ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም፦ እንዳለች ትሸጥ ወይስ ተፈታትታ ዕቃ በዕቃ ትውጣ? አንድ ጀበና ቡና ሳያልቅ የሚወሰን ነገር ነው። እንዲህ በቀላሉ እንዳይወሰን ከፈለግህ ግን የሚከተለውን አድርግ።

በመጀመሪያ ፍታት፣ ከዚያ አስብ። ቴስታታውን አውርድ፣ ፒስተኑን አውጣ፣ ብሎኖቹን ሁሉ አንድ የሰልሳ ጣሳ ውስጥ ጨምረህ አደባልቃቸው። ተፈታታ ግቢ ውስጥ የተዘረጋችን ዲቲ ሙሉዋን የሚገዛ ሰው ስለማይገኝ፣ ውሳኔው ያላንተ ድካም ተወሰነ ማለት ነው። (እየተንገዳገደችም ቢሆን የምትነሳ ሞተር ሳይክል በእግሯ ቆማ ብትሸጥ ይሻላል የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ስለዚህ አትስማቸው።)

ቀጥለህ ሂሳብ ሥራ። ወደ ኢንዱስትሪ ሰፈሩ ወደ ሲናዒያ ውረድና ኢስቤራት (መለዋወጫ) ቤቶቹን እየዞርክ የካርቡራተር፣ የሲዲአይ፣ የካቴና፣ የፊት ሾክ ዋጋ ጠይቅ። የአዲሱን ነው የምትጠይቀው። ሁሉንም ደምረው፤ ድምሩ አዲስ ሞተር ሳይክል የሚገዛ ሆኖ ታገኘዋለህ፤ በደስታ እንቅልፍ የምታጣበት ሌሊት ይሁንልህ። ያንተ ካርቡራተር ስንት ሃቡብ (የአሸዋ ማዕበል) እንዳለፈበት በሂሳቡ ውስጥ አታስገባ። የአየር ማጣሪያውን «ጉልበት ይቀንስባታል» ብለህ አውጥተህ የጣልከው አንተ እንደሆንክም ለማንም አትንገር። ያማሃ ዘይቱን ራሱ የሚመጥን አውቶሉብ የተባለ ፓምፕ ካወጣ ከ1964 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቱ ስትሮኮቹ በልኩ ይጠጣሉ፤ አንተ ግን ፓምፑን ነቅለህ ዘይቱን በፔፕሲ ጠርሙስ በዓይን ግምት ስትቀላቅል ኖረሃል። 56 ሚሊሜትር ሆኖ ከፋብሪካ የወጣው ሲሊንደር አሸዋ ሲሞርደው፣ ሪቦር ሲደረግ፣ ኦቨርሳይዝ ፒስተንና ፋሻ ሲገባለት፣ እንደገና ሲሞረድ ከርሟል። ለገዥው «ኦሪጅናል» በለው። በጣቱ ዳብሶ ዝም ሲል፣ ያመነህ ይምሰልህ።

ፈታትቶ መሸጥን እንደ ቅርጫ ቁጠረው። በቅርጫ ግን መደቡ እኩል ይደረግና ዕጣ ይወጣል፤ ሽንጡም ሆድቃውም ለደረሰው ይደርሳል። እዚህ ዕጣ የለም። በመጀመሪያው ቀን ሲዲአዩን፣ ካርቡራተሩንና ደህናውን ጎማ ሦስት ሰዎች ተሻምተው ይወስዱልሃል፤ አንተም «ነጋዴ ሆኜ ነበር የምወለደው» ትላለህ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ የለም። የተሰነጠቀ ካርተር፣ የዛገ ማርሚታ፣ የተጣመመ መሪና ሻንሲ ይዘህ የቤት አከራይህን ዓይን ትሸሻለህ። የኪሎ ብረት ገዥው ሲመጣ ተቆጣው፤ በሳምንቱ አንተው ትፈልገዋለህ።

የሞተር ሳይክሏን ዓይነትም አገላብጠህ ተረዳ። ባጃጅ ቦክሰር ከሆነች ያለ ማመንታት ፍታት፤ አዲሱ የህንድ ዕቃ በየሱቁ በርካሽ ተደርድሮ እያለ ያለቀውን ያንተን የሚፈልግ ስለማይኖር፣ ሙሉዋን ብትሸጣት ግን ቶሎ ገዥ ስለምታገኝ። ዕቃዋ ከገበያ የጠፋ የድሮ ጃፓን ሠራሽ ከሆነችና ካምቢዮዋን ብቻ ፈልጎ ከኦምዱርማን ሱቅ ሊብያ ድረስ የሚመጣ ሰው ካለ ደግሞ፣ ያኔ ጨክነህ «ሙሉዋን ካልወሰድክ» በል።

እንዳለች ለመሸጥ ከቆረጥክም የማክሰሪያ መንገድ አይጠፋም። ሦስት ሲምሳር (ደላላ) ጥራና ለሦስቱም የተለያየ ዋጋ ንገራቸው። ሦስቱም ሻይ የሚጠጡት አንዲት ሲት ሻይ (ሻይ ሻጭ) ዘንድ መሆኑን ካርቱም የኖረ ሁሉ ያውቃል፤ አንተ አትወቅ። ገዥው ከመምጣቱ በፊት ሞተሯን አስነስተህ አሙቃት፣ በብርድ እንደማትነሳ እንዳይገባው። ሰውየው ከሰላምታ በፊት መዳፉን ሲሊንደሩ ላይ ቢያሳርፍ «ፀሐዩ ነው» በል። በካርቱም ግንቦት ይህ ውሸት እንኳ ግማሽ እውነት አለው። ከዚያ «ሚያ ሚያ (መቶ በመቶ) ናት» ብለህ ማል።

ዋጋ ስትነጋገር ሚሊዮኑን አትጠይቅ። ሱዳን በ2007 (እ.ኤ.አ.) አዲሱን ፓውንድ ስታወጣ ከአሮጌው ሦስት ዜሮ ወደቀ፤ የሰው አፍ ግን አልተከተለም፤ ገበያው አሁንም አንድ ሺውን «ሚሊዮን» ይለዋል። አንተ በወረቀቱ ቁጠር፣ እሱ በአፉ ይቁጠር፤ ጠቡ ጎረቤት ይሰብስብ። ዋጋውን ከቆረጥክ በኋላም በፓውንድ አስረህ ጥቂት ወራት ጠብቅ። የሱዳኑ ጦርነት በ2023 ሲጀመር አንድ ዶላር በጥቁር ገበያ ስድስት መቶ ፓውንድ አካባቢ ነበር፤ በ2024 ከሁለት ሺህ አልፏል። በትዕግሥትህ ሞተር ሳይክሏን በጎማዋ ዋጋ ትሰጣታለህ።

እስካሁን ያልነው ኪስ ብቻ የሚጎዳ ነው። ጣጣ ከፈለግህ ወረቀቷን ያዝ። ሻንሲውን ለብረት ከሸጥክ በኋላ ሊብሬዋን ለብቻዋ የሚገዛ ጨዋ ሰው ይመጣል፤ ብረት የሌለው ወረቀት ምን እንደሚያደርግለት አትጠይቀው። የተሰረቀች ሌላ ዲቲ ያንተን ቁጥር ለብሳ መንገድ ላይ ትወጣለች። በ2021 እና በ2022 በሞተር ሳይክል እየበረሩ ስልክና ቦርሳ የሚነጥቁትን ካርቱም «ቲስዓ ጠዊላ» እያለች ስትሸበር፣ ፖሊስ ሞተረኛን ሁሉ በጥርጣሬ ሲያይ ነበር። ፖሊስ ቁጥሩን ተከትሎ ሲመጣ የሚያንኳኳው የሌባውን በር አይደለም። መኖሪያ ፈቃድህ አልሟላ ብሎ በሱዳናዊ ወዳጅህ ስም ያስመዘገብካት ከሆነች ደግሞ የሚንኳኳው የእሱ በር ነው፤ ስትሸጣትም አታማክረው፣ ይገረም። ሙሉዋንም ብትሸጥ ስም ማዛወር ሥራ ያስፈታልና «ተውኪል» ጽፈህ ብቻ ሸኛት። ገዥው ለሌላ፣ ሌላውም ለሌላ በዚያው ውክልና ይሸጣታል፤ መዝገቡ ላይ ግን ባለቤቷ ያው አንተ ነህ።

ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ይህ ሁሉ ከበደ። ካርቱም በጦርነት ስትወድቅ ከየቤቱ መኪናና ሞተር ሳይክል ተዘረፈ፤ የዘረፋው ዕቃ የሚቸረቸርባቸውን ቦታዎች ሕዝቡ ከሠራዊቱ ጋር በሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል (አርኤስኤፍ) አዛዥ ስም «ሱቅ ደጋሎ» አላቸው። ሠራዊቱ ከተማዋን በመጋቢት 2025 መልሶ ከያዘ በኋላ ወደ ቤቱ የተመለሰው ሰው የጎደለበትን ይፈልጋል፤ በገበያው የሚያየውንም ዕቃ በዚያ ዓይን ነው የሚያየው። ስለዚህ ተፈታታ የቀረችውን ዲቲህን ለማሟላት ቁጥሩ የተፋቀ ርካሽ ሞተር ግዛና ግጠምላት። ኬላ ላይ «ከየት አመጣኸው?» ሲሉህ «ከገበያ» በል። የትኛው ገበያ ብለው እንዲቀጥሉ ነው።

ከዚህ ሁሉ አምልጠህ ገዥ ካገኘህ፣ ክፍያው ላይ አትሳት። ሰውየው በስልኩ የባንክ መተግበሪያውን «በንከክ»ን ከፍቶ ገንዘቡን መላኩን የሚያሳይ ምስል ያሳይሃል። ኔትወርክ የለም፣ ያንተ ስልክ ምንም አልደረሰውም። አመስግነህ ቁልፉን ስጠው፤ ቤንዚንም ጨምርለት፣ እስከ ሻምባት ድልድይ እንዳትቆምበት። ድልድዩ በኅዳር 2023 መፍረሱን ያውቅ ይሆናል፤ አንተን የሚመለከትህ አይደለም።