የአጃይል ያለህ!

አጃይል የሚባለውን የሶፍትዌር አሠራር ተማሩ ተባልን፤ ተማርን። ቅዳሜና እሑዳችንን ሰጥተን ሠለጠንን፣ ፈተናውን አለፍን፣ ምስክር ወረቀቱን ሲቪያችን ላይ አስገባን። ሰኞ ቢሮ ስንገባ የጠበቀን ግን ያው የድሮው ሥራ ነው። ቀነ ገደቡ ያው፣ ውሉ ያው፣ አለቃው ያው። የተጨመረው ስብሰባ ብቻ ነው። በሶፍትዌር ሥራ ላይ ያላችሁ፣ አዲስ አበባም ሁኑ ቨርጂኒያ፣ የምለው ይገባችኋል።

ከጠዋቱ ስታንድአፕ ልጀምር። ስክረም የሚባለው የአጃይል አሠራር መመሪያ ለዚህ ስብሰባ ከ15 ደቂቃ በላይ አይፈቅድም፤ የስብሰባው ባለቤቶችም ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች ናቸው፤ እርስ በርስ ተነጋግረው የዕለቱን ሥራ ያስተካክሉበታል። በየቢሯችን የምናየው ሌላ ነው። ሥራ አስኪያጁ መሐል ይቆማል፣ ሌላው ፊቱን ወደሱ አዙሮ በየተራ ሪፖርት ያቀርባል፣ 15 ደቂቃ የተባለው አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። «ትናንት ያንኑ እየሠራሁ ነበር፣ ዛሬም እቀጥላለሁ፣ ብሎከር የለኝም።» ይህን የሚለው ልጅ እኮ ብሎከር አለው! ከደንበኛው መምጣት ያለበት የይለፍ ቃል ስላልመጣለት ሥራው ከቆመ ሰንብቷል። አለቃ ፊት «ቆሜያለሁ» ማለት ግን «አልሠራሁም» ተብሎ ስለሚቆጠርበት ዝም ይላል፤ ስብሰባው ሲበተን ቡና ላይ ለጓደኛው ይነግረዋል። ችግር እንዲወጣበት የታሰበው ስብሰባ ችግር የሚደበቅበት ሆኗል። «ትናንት ምን ሠራህ፣ ዛሬ ምን ትሠራለህ፣ ምን ያዘህ» የሚሉት ሦስቱ ጥያቄዎች እንኳ እ.ኤ.አ. በ2020 ከመመሪያው ወጥተዋል፤ አሠልጣኞቻችን ግን ዛሬም በቃል ያስጠኑናል።

አጃይል ከመነሻው እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2001 አሥራ ሰባት የሶፍትዌር ባለሙያዎች ዩታ ውስጥ ስኖውበርድ በተባለ የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ ተሰባስበው በአንድ አጭር ጽሑፍ ላይ ተስማሙ። ኬንት ቤክ፣ ዋርድ ከኒንግሃም፣ ማርቲን ፋውለር፣ ስክረምን የቀመሩት ኬን ሽዌበርና ጄፍ ሰዘርላንድ ነበሩበት። እነሱን ያንገሸገሻቸው ዛሬ እኛን የሚያንገሸግሸን ነው፤ ማንም የማያነበው ወፍራም ሰነድ፣ ሥራው ሳይጀመር እስከ ጥጉ የሚቆረጥ ዕቅድ፣ በስተመጨረሻ ሲረከቡት ለተጠቃሚው የማይሆን ሶፍትዌር። ያሉትም ብዙ አይደለም። ለሰዎችና ለመነጋገራቸው፣ ለሚሠራ ሶፍትዌር፣ ከደንበኛው ጋር አብሮ ለመሥራት፣ ለውጥ ሲመጣ ለመቀበል ቅድሚያ ይሰጥ አሉ፤ ሥርዓቱ፣ ሰነዱ፣ ውሉና ዕቅዱ ዋጋ ቢኖራቸውም ከዚያ በኋላ ይምጡ አሉ። አራት ነጥብ፣ ከሥሩ 12 መርሖች። ይኸው ነው።

የስክረም መመሪያም ቢሆን የ2020 እትሙ 13 ገጽ ገደማ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል፤ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ አንብቦ መጨረስ ይቻላል። ይህን ለመማር ግን የሁለት ቀን ሥልጠና በዶላር ይገዛል። ለውጭ ክፍያ የሚሆን ካርድ የሌለው ወጣት ውጭ ያለ ዘመዱን ደጅ ይጠናል። በሰፊው ከሚታወቁት ፈተናዎች አንዱ 50 የምርጫ ጥያቄ አለው፣ 37 የመለሰ ያልፋል፤ ምስክር ወረቀቱን ለማሳደስ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ይከፈላል። ልጆቻችን ለዚህ ብለው ምን ሲያጠኑ ያድራሉ? የአንድ ወር ስፕሪንት ለሚባለው የሥራ ዙር የዕቅድ ስብሰባው ቢበዛ ስንት ሰዓት ነው፣ በየትኛው ስብሰባ ማን ይገኛል፣ የትኛው የማን ኃላፊነት ነው። ስምንት ሰዓት ብሎ መመለስ ለሸመደደ ሰው ቀላል ነው። ደንበኛን በአክብሮት «ይህን አሁን አንሠራውም» ማለት፣ ትልቁን ሥራ ደንበኛው በሁለት ሳምንት ሊያየው በሚችለው መጠን መክፈል፣ የፈራ ባልደረባን ለብቻው አናግሮ ምን እንደያዘው ማወቅ ግን በሽምደዳ አይመጣም። ሙያው ያለው እዚያ ነው። እሱን የሚያስተምር ሥልጠና ፈልገን አጣን።

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያሉ ወገኖቻችን ጉዳይ ደግሞ አንጀቴን ይበላዋል። ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ወይም ፓርኪንግ ሲሠራ ያደረ ሰው «በጥቂት ሳምንት ስክረም ማስተር ትሆናለህ» ተብሎ ከእንቅልፉ ቀንሶ በዙም ይማራል። ለቤተሰቡ የተሻለ ኑሮ ነው የተመኘው፤ ገንዘቡም ላቡ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ቨርጂኒያ፣ ማክሊን የሆነው ካፒታል ዋን ባንክ ከ1,100 በላይ የሥራ ቦታዎችን ሰረዘ፤ የአጃይሉን አሠራር ከምሕንድስናው ሥራ ጋር አዋህደዋለሁ የሚል ነበር ምክንያቱ። ሥልጠናውን የሚሸጡት ይህን ለተመዝጋቢዎቻቸው ሲነግሩ ሰምቼ አላውቅም። ሊነግሯቸው ይገባ ነበር።

ነጥቡም አለ። ስቶሪ ፖይንት የሚባለው ነገር ቡድኑ ሥራውን በግምት አመዛዝኖ እንዲነጋገርበት ነበር የታሰበው። ዛሬ ነጥቡ ወደ ሰዓት ተመንዝሮ የሰው መለኪያ ሆኗል። «የእነ እገሌ ቡድን 40 ጨርሷል፣ እናንተ 28 ላይ ናችሁ» ይባላል። በሚቀጥለው ስፕሪንት ሦስት የነበረው ሥራ አምስት፣ አምስት የነበረው ስምንት ይባላል፤ ቁጥሩ ያድጋል፣ ሥራው ባለበት ነው። ከአሥራ ሰባቱ አንዱ የሆነው ሮን ጄፍሪስ ራሱ፣ ይህን ነገር የፈጠርኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ ከሆንኩም ይቆጨኛል ብሎ ጽፏል። እሱ ይህን እያለ እኛ ዘንድ ነጥቡ የዓመት ጭማሪ ይወሰንበታል።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ጨረታው ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም የእርዳታ ድርጅት ሶፍትዌር ሊያሠራ ጨረታ ያወጣል። የሥራ ዝርዝሩ ሰነድ፣ ቲኦአሩ፣ «ተጫራቹ የአጃይል ዘዴ መጠቀም አለበት» ይላል፤ ምስክር ወረቀት ያለው ስክረም ማስተር ያቀረበ በቴክኒክ ግምገማው ነጥብ ያገኛል። ገጹን ስትገልጡት ግን እያንዳንዱ ፎርም፣ እያንዳንዱ ሪፖርት ተዘርዝሮ አልቋል። ዋጋው ቁርጥ፣ ጊዜው ቁርጥ ነው። ክፍያ የሚለቀቀው ሰነድ ተፈርሞ ማኅተም ሲያርፍበት ነው። ቲኦአሩን የጻፈው አማካሪ ክፍያውን ተቀብሎ ከሄደ ቆይቷል። በመሐል አንድ ነገር ይቀየር ቢባል ደብዳቤ ይጻፋል፣ ኮሚቴ ይጠራል፣ ኮሚቴው ምልዓተ ጉባኤ እስኪሞላ ሁለት ስፕሪንት ያልፋል። ለመፈረም በሚያመነታው ኃላፊ አልፈርድበትም፤ ኦዲተር ሲመጣ «ከውሉ ውጭ ለተሠራ ሥራ ለምን ከፈልክ» ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው። ግን ውሉ ለውጥን እንደማይቀበል ሁላችንም እያወቅን፣ አሠሪውም ሠሪውም፣ አጃይል ነው ብለን እንፈራረማለን።

ከደንበኛው በኩል ምን እንደሚሠራ የሚወስን ሰው፣ ፕሮዳክት ኦውነር፣ ይመደብልን ስንል ከአይቲ ክፍል አንድ ባለሙያ በደብዳቤ ይመደባል። ብዙውን ጊዜ ጎበዝ ልጅ ነው። የመወሰን ሥልጣን ግን አልተሰጠውም። «ኃላፊዬን ልጠይቅ» ይላል፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገም ስብሰባ ላይ ናቸው። በየሁለት ሳምንቱ የተሠራውን ስናሳይ ሶፍትዌሩን በየቀኑ የሚጠቀሙበት ሠራተኞች አይጠሩም፤ «እነሱ ሲያልቅ ሥልጠና ይሰጣቸዋል» ይባላል። በርክክቡ ቀን መዝገብ ቤት ዕድሜያቸውን የሠሩ ወይዘሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩትና «ልጆቼ፣ ደክማችኋል፤ ግን እኛ እንዲህ አይደለም የምንሠራው» ይላሉ። «ባለጉዳይ ሲመጣ የምንጠይቀው ስሙን ነው። የፋይል ቁጥሩን ማን ያስታውሳል?» ሲስተሙ ደግሞ ያለ ፋይል ቁጥር አይከፍትም። ይህን ለመስማት አንድ ከሰዓት ከእሳቸው ጎን መቀመጥ ይበቃ ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሁሉም ነገር ሊስተካከል በሚችልበት ሰዓት። አሁን ውሉ ተዘግቷል፣ የመጨረሻው ክፍያ ተጠይቋል። እሳቸው ወደ ወረቀት መዝገባቸው ይመለሳሉ፣ ባለጉዳዩ ወረፋው ላይ ይቆማል፣ የሕዝብ ገንዘብ የወጣበት ሶፍትዌር ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ስንቱን እንዲህ አየነው!

በየስፕሪንቱ መጨረሻ ሬትሮ አለ፤ ምን ተሳካ፣ ምን ይሻሻል ተብሎ በባለቀለም ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። «ደንበኛው መልስ አይሰጥም።» «ሥራ በመሐል ይጨመራል።» በቀደመውም የተለጠፈው ይኸው ነበር፤ ከዚያ በፊትም። የጻፈው ሰው ምንም እንደማይለወጥ ሲያውቅ መጻፉን ይተዋል፤ አለቆቹም ቅሬታ የለም ብለው ይደመድማሉ።

ከአሥራ ሰባቱ መካከል ዴቭ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ማርቲን ፋውለር በ2018 ይህን ጉዳይ በአደባባይ አማርረዋል፤ ዘዴው ለአማካሪና ለአሠልጣኝ መሸጫ ሆነ፣ ለሠሪው ከላይ የሚጫን ሆነ ብለው። ስለዚህ እሮሮው የእኛ ብቻ አይደለም። የእኛን የሚያከብደው ግን የምናባክነው ትርፍ ገንዘብም ትርፍ ባለሙያም ስለሌለን ነው።

ዘዴውን ጠልቼ አይደለም ይህን የምለው። ሲሠራ አይቻለሁ። ፕሮግራመሩ ከገንዘብ ተቀባይዋ ጎን ተቀምጦ ስትሠራ ያየበት፣ የሠራውን ዓርብ አምጥቶ ያሳያት፣ እሷም «ይቺን ብቻ ወደዚህ አምጣልኝ» ያለችው፣ ሰኞ ተስተካክሎ ያገኘችው ሥራ አለ። ስታንድአፕ ይባል አይባል ማንም አልጠየቀም። ሶፍትዌሩ ዛሬም ይሠራል። ይህ እንደሚቻል ባላይ ኖሮ እንዲህ አልንገበገብም ነበር።

አሁንም ሌላ ሥልጠና መጥቷል፤ ስማችን ተላልፏል። ውል የሚፈርሙት፣ ቲኦአር የሚያጸድቁት፣ ክፍያ የሚለቁት ኃላፊዎች አብረውን ይሠልጥኑ ብለን ጠየቅን። «እነሱ ሥራ ይበዛባቸዋል፣ እናንተ ተማሩና ትነግሯቸዋላችሁ» ነው የተባልነው።